የካምቢዮው ሕመም

ሐኪም በሽተኛውን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል፤ ይዳስሳል፤ ቢላዋ የሚያነሣው ሌላ መንገድ ባጣ ጊዜ ነው። የመኪናም ሕመም ሕጉ ይኸው መሆኑን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፥ በ1985 ዓ.ም. በመንዝ ብርድ ላይ ቆሜ ነው።

ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ጉዳይ በእኔ ጠረጴዛ ያልፍ ነበር። የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ይዘን ከአንድ ፖሊስ ጋር በአሮጌ ላንድሮቨር ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ተነሣን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፈን መዘዞን ካለፍን በኋላ፥ ሾፌሩ ዳገት ላይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሊቀንሱ ሲሉ ብረት ከብረት ተፋጨና መኪናው ቆመ። ፈተናው በማግሥቱ ጧት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠራ ላንድሮቨር አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት የላቸውም፤ ነጂው ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ፥ በመካከሉም ነዳጅ መስጠት አለበት። ይህን አንብቤ ስለ ነበር ወዲያው ፈረድሁ።

«ጋሼ፥ ካምቢዮውን ፈጁት እኮ!» አልሁ። የክሱን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

«ጌታው፥ ሳይመረምሩ አይፍረዱ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ። ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ፤ ሁሉም ያለ ችግር ገቡ። ሞተሩን ቢያስነሡ እንደገና ተፋጨ።

«ሞተር ጠፍቶ የሚገባ ማርሽ ሞተር ሲነሣ እንቢ ካለ፥ ሕመሙ ከካምቢዮው አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን አልለቀቀም።»

ፔዳሉን ደጋግመው ቢረግጡት ማርሹ ገባ፤ ይኸውም ዘይት ጎድሎ አየር መግባቱን የሚናገር ምልክት ነው። ከሥር ገብተው ሲያዩ የፍሪሲዮኑ ትንሽ ፓምፕ ረጥቧል፤ ጎሚኒው አልቋል። የፍሬን ዘይት ጨመሩ፤ እኔን ከፔዳሉ ላይ አስቀምጠው «ይርገጡ! ይያዙ! አሁን ይልቀቁ!» እያሉ አየሩን አስወጡ። በየጥቂቱ እየቆምን ዘይት እየጨመርን በሌሊት መሐል ሜዳ ገባን።

በመንገድም የጆሮን ጥበብ አስተማሩኝ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚሰማ ጩኸት ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም ካለ፥ ያለቀው ከሞተር ኃይል የሚቀበለው የካምቢዮ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ ከተነሣ ግን የራሱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ቁልቁለት ላይ በራሱ የሚወጣ ማርሽ ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል፥ ወይም ቆልፎ የሚይዘው ሞላ ደክሟል። ፍሪሲዮንም ካምቢዮም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ በእኒያ ሽማግሌ አፍ ግን እንደ ሞፈርና ቀንበር የአገር ቃል ሆነዋል።

«ጎሚኒው ማለቁን ስለ ምን አላመለከቱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፥ «ሦስት ወር ሆነው» አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ፋይሉን ከፈትሁ። ማመልከቻው በእጅ ጽሕፈታቸው ተጽፎ ተቀምጧል፤ በጫፉ ላይ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ቃል አለበት፤ ፊርማው የእኔ ነው።

የክሱ ደብዳቤ አልተጻፈም። ጎሚኒው ተገዛ፤ ዋጋውም ደብዳቤ ለመጻፍ ካሰብሁት ወረቀት ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የበታች ሠራተኛ ጥፋት ሲነገረኝ፥ አስቀድሜ የምመረምረው የገዛ ጠረጴዛዬን መሳቢያ ነው።