የአንድ ወር ላብ ለአንድ ፕሮሰሰር?



እ.ኤ.አ. በ2023 ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ታላቅ እህታችን ከጅዳ ደወለችልን። በሰው ቤት ተቀጥራ በወር 1,000 የሳዑዲ ሪያል የምታገኝ፣ በዚያችው ገንዘብ ልጇን ያሳደገች እናት ናት። ልጁ ደሴ ከእኛ ጋር ይኖራል። የኒካሕና የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀምሯል፤ ግን የሚሠራው በተውሶ ኮምፒዩተር ነበር።

«ኮምፒዩተር ግዢልኝ ብሎኛል» አለችን። «የመረጠው ፕሮሰሰር ከሁሉ የላቀው ነው አሉ። አንተ አስተማሪ ነህና እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፤ ዋጋውን ያወጣል ወይ?»

«እስራፍ ነው፤ ይቅርበት» የሚለው መልስ ምላሳችን ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በሱረቱል ፉርቃን 67ኛ አንቀጽ የተመሰገኑት ባሮች ከማባከን የራቁ ብቻ ሳይሆኑ ከስስትም የራቁ፣ በሁለቱ መካከል የቆሙ መሆናቸውን ለተማሪዎቻችን የምናስተምረው እኛው ራሳችን ነን። ዕቃው ለሀላል እንጀራ የሚያስፈልግ ከሆነ ሳይመዝኑ መከልከልም ጥፋት ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጪን አልናት።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው? ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አንጎል ሲሆን በውስጡ ኮር የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። ልጁ የመረጠው የኤ.ኤም.ዲ. ኩባንያ ራይዘን 9 7950ኤክስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 699 ዶላር፣ ኮሮቹም 16 ነበሩ። አብሮት የወጣው ራይዘን 7 7700ኤክስ 8 ኮሮች ይዞ በ399 ዶላር ቀረበ። የመጀመሪያው ከፍተኛ ፍጥነት 5.7 ጊጋኸርትዝ ነው፤ የሁለተኛው 5.4። እንግዲህ ዋጋው 75 በመቶ ሲጨምር ፍጥነቱ የጨመረው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተጨማሪው ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው የሠራተኛ ብዛት ነው ማለት ነው።

የሠራተኛ ብዛት ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ አያፋጥንም። ለኢፍጣር ሳምቡሳ የሚሠራበትን ቤት እናስብ። ስምንት ሰው የሚጠቀልለውን አሥራ ስድስት ሰው ቢጠቀልለው ጥቅለላው ቶሎ ያልቃል። መጥበሻው አንድ ከሆነ ግን ሁሉም ተራ ጠባቂ ነው። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስገነዘበው ይህንኑ ነው። ከአንድ ሥራ ውስጥ ግማሹ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ሠራተኛው መቶ ቢደርስም ሥራው በእጥፍ እንኳ አይፈጥንም።

ይህን ይዘን በረመዷን አንድ ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ልጁ አጠገብ ቁጭ አልን። የኮምፒዩተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየውን መስኮት ከፍተን ቪዲዮ ሲቆርጥና ሲቀጥል ተመለከትን። ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ ሲሶውን ያህል ብቻ ነበር የሚሠራው። 8 ጊጋባይት የሆነው ራም ግን ሞልቷል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ መቶ በመቶ ተጨናንቋል። አንጎሉ ሥራ ፈትቶ አቀባዩን ይጠብቅ ነበር። ቪዲዮው አልቆ ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ መቶ በመቶ ገባ። በዚህ ላይ ልጁ እውነት ነበረው፤ 16 ኮር ቢኖረው ያ ሥራ በእርግጥ ቶሎ ያልቅለታል።

«ይህን ሥራ በወር ስንት ጊዜ ትሠራዋለህ?» አልነው።

«ሁለት ሠርግ ካገኘሁ ሁለት ሌሊት» አለ። ቀጥሎም አንገቱን ደፍቶ «አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጓደኞቼ የያዙትን ሲያወሩ እኔ የማወራው የለኝም» አለን።

ያን ጊዜ ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ገበያ ላይ ሲወጡ በነበራቸው ዋጋ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል የነበረው ልዩነት 300 ዶላር ነው። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነውና 1,125 ሪያል ይሆናል። ልጁ ቁጥሩን ሲያየው ዝም አለ። የእናቱን የወር ደመወዝ ያውቃልና ማስረዳት አላስፈለገንም። ይህም ገና የፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ትልቁ በ170 ዋት፣ ትንሹ በ105 ዋት የተመደበ በመሆኑ ለትልቁ የሚሆነው ማቀዝቀዣም ውድ ነው።

ለእህታችን የመለስንላት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። «እትዬ፣ ዕቃው ዋጋውን የሚያወጣለት ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ለሚያወጣ፣ የሕንፃ ምስል ለሚሠራ፣ ግዙፍ ፕሮግራም ለሚጽፍ፣ አንድ ሰዓት ማትረፍ ገንዘብ ለሆነለት ሰው ይገባዋል። ለልጅሽ ግን ዛሬ አይገባውም።» ባለ 8 ኮሩ ከ32 ጊጋባይት ራም፣ ከኤስ ኤስ ዲ ዲስክ እና መብራት ሲጠፋ ከሚያቆየው ዩ.ፒ.ኤስ. ጋር ተገዛለት። መብራት በመሐል ከሄደ 16 ኮርም ሥራውን አያድነውምና።

ልጁ አሁን ረጅሙን ሥራ ከዒሻ በኋላ ያስጀምረዋል፤ ለሱብሒ ሲነሳ አልቆ ያገኘዋል። አንዳንድ ጊዜ ሙሽሮች ሲያስቸኩሉት «ያኛው ቢሆን ኖሮ» ማለቱ አልቀረም። እኛም አንቆጣውም፤ ያጣው ነገር እንዳለ እናውቃለን።

ወጣቶች ሆይ! «እኛ የምንፈልገው ለጌም ነው» ለምትሉም አንድ ነገር እንንገራችሁ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በ449 ዶላር ያወጣው ባለ 8 ኮር ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ በብዙ ጌሞች ባለ 16 ኮሩን 7950ኤክስ በልጦታል። ውድ የሆነው ሁሉ ለሁሉም ሥራ የተሻለ አይደለም። «ዛሬ ትልቁን ብገዛ ለነገ ይሆነኛል» የሚለውም ብዙ ጊዜ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢንቴል ባለ 10 ኮር ኮር አይ7 6950ኤክስ 1,723 ዶላር ነበር። በ2019 ደግሞ ባለ 12 ኮሩ ራይዘን 9 3900ኤክስ በ499 ዶላር ወጣ። ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው በሲሶ ዋጋ የበለጠ አገኘ።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ውድ ዕቃ ሲጠይቁ ወዲያው «አይሆንም» አትበሉ፤ ወዲያውም «እሺ» አትበሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ፤ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ያኔ ይታያችኋል። ገንዘብ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ከየት እንዳመጣነው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋልነውም እንጠየቃለን። የሌላ ሰው ላብ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል።

አላህ በስደት ያሉ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ለአገራቸው በሰላም ያብቃቸው። ሪዝቃችንንም ሀላልና በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን!