መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዓሳው



ጂንካ ውስጥ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር ወጣቶች ነን። ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ አኳሪየም አለን። ቤታችን የሚመጡ ወንድሞች ሁሌም ሁለት ነገር ይጠይቁናል፦ «ዓሳን በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ይፈቀዳል ወይ?» እና «ለምን ያንን በስልክ የምናየውን ባለ ቀለም የባሕር ዓሳና ኮራል አላደረጋችሁም?» መልሳችንን እዚህ እንጻፈው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ልጅ እያለ የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው። ወፏ ስትሞትበት አዘነ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ በፍቅር አጫወቱት፤ ለምን ያዝካት ብለው አልተቆጡትም። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ይገኛል። የሻፊዒዩ ሊቅ ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ ብቻ 60 ያህል ቁምነገሮችን አውጥተዋል። ዑለማዎች ወፍን ለመደሰቻ መያዝ እንደሚቻል የሚያስረዱትም በዚሁ ሐዲስ ነው፤ ዓሳንም በዚያው መንገድ ያዩታል። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። በሌላ ሐዲስ ድመትን አስራ ሳታበላትም፣ ራሷ እንድትበላም ሳትለቃት በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እሳት እንደገባች ተነግሮናል። ስለዚህ ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ሐቁን እንወጣለን ወይ?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።

የኮራል አኳሪየምን የተውነው በዚህ ሚዛን ለክተነው ነው። ሱረቱ ረሕማን ላይ አላህ ከጸጋዎቹ መካከል ሉልእና መርጃንን ይጠቅሳል። ብዙዎች መርጃን የሚሉት ይህንኑ ኮራል ነው። ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተሻገሩት ቀይ ባሕርም በኮራሉ በዓለም የታወቀ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ዋቅላሚዎች በብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ዋቅላሚዎቹ ይለዩትና ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል።

ይህን ፍጡር ቤት ውስጥ ለማኖር በ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው መሆን አለበት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ ስለማይተን በየቀኑ የተጣራ ውሃ መጨመር ግድ ነው። ጠንካራ መብራትና ቀንም ሌሊትም ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕም ይፈልጋል። ጂንካ ላይ መብራት ሄዶ ለሰዓታት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? በዚያ ላይ በገበያ የሚሸጡት የባሕር ዓሳዎች አብዛኞቹ በቀጥታ ከባሕር የሚያዙ ናቸው። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አንዳንድ አጥማጆች ዓሳውን ለማደንዘዝ ሳያናይድ የተባለ መርዝ እንደሚረጩ የታወቀ ነው፤ መርዙ ኮራሉንም ይገድላል። አላህ ውብ አድርጎ በባሕር የፈጠረውን ሳሎናችን አምጥተን ለመግደል ምክንያት አጣን። ያለን አቅም የጣፋጭ ውሃ ዓሳ ነው አልንና በእሱ ተስማማን።

ገንዳውን ያሠራነው መስታወት ቤት ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ሲሞላ 54 ሊትር ይሆናል፤ ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ተራ ጠረጴዛ አይችለውም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጠንካራና የማያዘነብል መቀመጫ ያስፈልጋል። የተጣበቀበት ሲሊከን ለቀናት መድረቅ አለበት። ሻጋታ መከላከያ ያለበት የሽንት ቤት ሲሊከን ለዓሳ መርዝ ነው። ከደረቀ በኋላ ውጭ አስቀምጠን ሞላነውና ሁለት ቀን ተመለከትነው። ጠጠሩን ደጋግመን አጥበን በፈላ ውሃ ነከርነው። ሳሙና አጠገቡ አላደረስንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገንዳው ተሞልቶ፣ ፊልተሩ እየሠራ፣ ውሃው እንደ ብርሌ ጠርቶ ስታዩት ዓሳ ለማስገባት ትቸኩላላችሁ። ግን ያ ጥሩ ውሃ ገና ቤት አልሆነም። ዓሳ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ጉንፉን ያቃጥለዋል። በወንዝ ውስጥ ይህን የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች አላህ አዘጋጅቷል። አንዱ ዓይነት አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይቀይረዋል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው ቤት ዓሳ ገዝቶ በሳምንቱ የሚሞትበት ምስጢር ይህ ነው። ዓሳው «ዕድሜው አጭር ሆኖ» ሳይሆን ያልተዘጋጀ ቤት ስለገባ ነው።

ስለዚህ ባዶ ገንዳ ይዘን ተቀመጥን። በየቀኑ ትንሽ የዓሳ መኖ ቆንጠር አድርገን እንጨምራለን፤ መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣና ባክቴሪያዎቹ ይመገባሉ። እንግዳ ሲመጣ «ዓሳው የታለ?» ይለናል። «እየጠበቅነው ነው» እንላለን፤ ይስቃል። ጂንካ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ያዘገያል። ሰባት ሳምንት ጠበቅን። ሶብር ሲባል ሁሌም በመከራ ላይ ብቻ ይመስለን ነበር። እዚህ ግን ምንም በማይታይበት ባዶ ውሃ ፊት መቀመጥም ሶብር ሆነ።

ዓሳው የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። ጋፒ መረጥን፤ ትንሽ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ የጂንካን አየር ትችላለች። ቆሮሶን ከሐይቅ አምጥቶ በ54 ሊትር ማጎር ግፍ ነው፤ ያድጋል። ጎልድ ፊሽም ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ጋፒ በእንቁላል ሳይሆን የሚዋኝ ጫጩት ስለምትወልድና ቶሎ ስለምትራባ ወንዶች ብቻ አስመጣን። መጀመሪያ ሦስት ብቻ ገቡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስት ተጨመሩ። ባክቴሪያው የሚያድገው በሚያገኘው ቆሻሻ ልክ ስለሆነ አንዴ መጨናነቅ ገና የተዘጋጀውን ቤት ያፈርሰዋል። የመጡበትን ላስቲክ 20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ አንሳፈፍነው፤ ቀስ በቀስ የገንዳውን ውሃ እየጨመርን ካለማመድናቸው በኋላ ዓሳዎቹን ብቻ አስገባን።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት አማና ነው። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይመገባሉ፤ የሚተርፈው ይበሰብሳል። ረመዷን ላይ እኛ እንጾማለን፣ እነሱ አይጾሙም፤ ተራ የደረሰው ያስታውሳል። መብራት ሲጠፋ በኩባያ ውሃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሳለን፤ አየር የሚገባው እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ እንቀይራለን። አዲሱን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን በባልዲ ክፍቱን እናሳድረዋለን። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አናጥበውም፤ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። በወጣው የገንዳ ውሃ እናጥበዋለን።

አንድ ከባድ ነገር አለ። 54 ሊትር ማለት ወደ ሦስት ጀሪካን ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ፣ ሐመር ላይ፣ እናቶች በደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ። ይህን እያወቅን ለመዝናኛ ውሃ ስናፈስ ኢስራፍ እንዳይሆንብን ፈራን። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ ገንዳው በዝናብ ውሃ ተሞላ፣ የሚወጣው ውሃም አንዲት ጠብታ አይደፋም። ናይትሬት ለተክል ማዳበሪያ ነው፤ የጓሮ ሙዛችንና ጎመናችን ይጠጡታል። ቧንቧ ጠፍቶ ጎረቤት የሚቸገር ከሆነ የሰው ሐቅ ይቀድማል፤ ያን ሳምንት መኖ እንቀንሳለን እንጂ ውሃ አንቀይርም።

ሌላው ደግሞ ስልቹ ስንሆን ዓሳውን ወስዶ ነሪ ወንዝ ላይ መልቀቅ ነው። ምሕረት ይመስላል፤ አይደለም። የነሪ ውሃ ኦሞን፣ ኦሞ ደግሞ ቱርካናን ይመግባል። ለውበቱ ተብሎ በዓለም የተሰራጨው እምቦጭ በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ገባ። ጉዳቱን ዛሬም ገበሬውና ዓሳ አጥማጁ እየከፈሉ ነው። ማቆየት ያልቻለ ለሚችል ሰው ይስጥ።

ወንድም እህቶቻችን! መዝናናት አልተከለከለም። ግን ነፍስ ያለው ነገር ቤታችን ሲገባ ሪዝቁ ከአላህ ነው፣ በእኛ እጅ የሚያልፍ ነው። ዛሬ ዓሳ ይሁን፣ ነገ ትዳርና ልጅ፣ ቤቱ ሳይዘጋጅ እንግዳውን መጥራት አንድ ዓይነት ችኮላ ነው። በአቅማችሁ ጀምሩ፣ ጥቂት ያዙ፣ መጀመሪያ ውሃውን አዘጋጁ። አላህ በእጃችን ላለው ነፍስ ሁሉ አዛኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።