ድንጋዩ ከቦታው ነው ወይ?

አንድ ቁም ሣጥን ለሁለት ተካፍለን በመደርደሪያ ወሰን ስንነታረክ የከረምን ተማሪዎች ስለሆንን፣ ስለ ድንበር ብጽፍላችሁ እንግዳ ነገር አይሆንባችሁም ብዬ አምናለሁ። የኔ ድንበር ግን ያለው ጃን አሞራ ውስጥ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ፣ አባቴ ገብስ በሚዘራበት ተዳፋት ላይ ነው።

አገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች ይጀምራሉ። በኛ አገር ሜዳ ብርቅ ስለሆነ ገበሬው ማሳውን በካብ ደግፎ ነው የሚያርሰው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ፣ ወደ ላይኛው ማሳ ዘንበል ተደርጎ ይካባል። ካቡ የላይኛውን ሰው አፈር ይይዝለታል፤ የታችኛውን ሰው ከጎርፍ ያስጥለዋል። እንግዲህ የማን ነው ቢባል የሁለቱም ነው። ሲፈርስም የሚፈርሰው በሁለቱም ላይ ነው።

አምና በነሐሴ በኛና በታችኛው ጎረቤታችን መካከል ያለው ካብ 12 እርምጃ ያህል ተናደ። አፈራችን ከነቡቃያው ወረደ፤ ድንጋዩም ጎረቤታችን ማሳ ላይ ተዘረገፈ። ጎረቤታችን ግን የለም። ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ከወረደ ዓመታት አለፉት፤ እዚያው ቀረ። መሬቱን አንድ ዘመዱ የእኩል ያርስለታል። አባቴ አራሹን “ና እንካብ” ቢለው፣ “እኔ የተሰጠኝ የምርቱ እኩሌታ ነው እንጂ ድንበሩ አይደለም። ነገ ቢመጣ ማን አዞህ ነው ቢለኝ ምን አፍ አለኝ?” አለው። ሰውየው እውነቱን ነበር።

በጥር ለዕረፍት ስገባ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበር። ለካብ የሚመች ጊዜ ነው፤ የማንም እህል አይረገጥም። እኔም ከነትምህርቴ ነው የመጣሁት። ዞር ዞር ብዬ አየሁና መፍትሔ አገኘሁ። አሮጌው ካብ መካከሉ ላይ ወደኛ በኩል ጎበጥ ያለ ነበር። “ለምን አናቀናውም?” አልኩ። “ድንጋዩ እንደሆነ ወደ ታች ወርዷል። ቀጥ አድርገን ብንክበው ሥራውም ይቀላል፤ ለሱም ጎርፉ ይቀርለታል።” ሕግም ጠቀስኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሳይወከል የሌላውን ሰው ጉዳይ ለዚያው ሰው ጥቅም የሚያከናውንን ሰው ያውቀዋል ብዬ አስረዳሁ። ያልተናገርኩት ነገር ቢኖር፣ መስመሩ ሲቀና አንድ ክንድ የሚያህል መሬት ከሱ ወደኛ እንደሚገባ ነው።

አባቴ ጥቂት ዝም አለና፣ “አንተ ተመልሰህ ጎንደር ትሄዳለህ። ድንበር ገፊ ተብዬ ከሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው እኔ ነኝ” አለኝ።

አረንጓዴውን ደብተር አወጣሁ። በ1990ዎቹ መሬት ሲመዘገብ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ነው፤ የአባቴና የእናቴ ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። ካርታ ግን የለውም። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ ይላል እንጂ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ አይናገርም። ደብተሩ ጎረቤታችንን በስሙ ያውቀዋል፤ የድንበሩን ድንጋይ ግን አያውቀውም። ድንጋዩን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ለምን አይደወልለትም? ተደውሎ ነበር፤ አያነሣም። በኋላ እኅቱ ነች ምክንያቱን የነገረችን። ፈርቶ ነው። በድሮው ጊዜ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል ነበር። ርስተኛ ወጥቶ ቢከርም የአባቱን ስም ቆጥሮ ሲመለስ ድርሻውን ይጠይቃል፤ የሚሰጋው መሬቱን ይዞ የቆየው ሰው ነበር። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ገበሬው ያለው ይዞታ ነው። ትቶ ለዓመታት የጠፋ ሰው ደግሞ ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። አሁን የሚሰጋው የሄደው ሰው ነው። ከቀዬው ስልክ በተደወለለት ቁጥር “መሬትህ ሊወሰድ ነው” የሚሉት ይመስለዋል።

በመጨረሻ በእኅቱ ስልክ፣ ኮረብታው ላይ ወጥተን ደወልን። አነሣ። እኔ ሰላምታ ሰጥቼ፣ “አያ፣ ካቡ ተናደ፤ ልንክበው ፈልገን ነው” ስለው፣

“ድንጋዩ ከቦታው ነው ወይ?” አለኝ።

“የቱ ድንጋይ?”

“ከኮሶው ሥር ያለው።”

“አለ።”

“እንግዲያስ አትንኩት። ካቡንም ተዉት። እኔ የጠፋሁ ሰው አይደለሁም!”

አባቴ ስልኩን ተቀበለኝ። “ወንድሜ፣ ልጅ ነው፤ ነገሩን አላወቀውም። ያለ አንተ አንዲት ድንጋይ አናነሣም። አንተ ሰው ስጠኝ” አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር የገበያ ዋጋና የሟቾች ስም ነበር፤ ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ነገሩ አልቆ ነበር። እኅቱ በሱ ፈንታ ትቆማለች፤ ሁለት ሽማግሌዎች ያያሉ፤ አራሹ በሱ ስም ሁለት ቀን ይሠራል፤ ዳቦና ጠላው ከኛ። ካቡም በአሮጌው መሠረት ላይ ብቻ ይካባል፤ እንደ ጎበጠ።

በደቦ ወጣን። መጀመሪያ መሠረቱ እስኪገኝ አፈሩን ቆፈርን። መሠረቱ ሲገኝ ነገሩ ተገለጠልኝ። የጎበጠው ቦታ ላይ ከሥር ቋጥኝ አለ። ፊት የካቡት ሰዎች መስመሩን ያጎበጡት መቅናት ስላቃታቸው ሳይሆን፣ ካቡ ቋጥኙ ላይ እንዲቀመጥ ብለው ነው። እኔ ያቀናሁት መስመር የሚያልፈው በለስላሳ አፈር ላይ ነበር፤ አንድ ክረምትም የሚቆይ አይመስለኝም። አባቴ ቋጥኙን በዶማው መታ መታ አደረገና ወደኔ ሳያይ ሥራውን ቀጠለ።

በሁለት ቀን አለቀ። ፎቶግራፍ አንስቼ ላክሁለት፤ ከኮሶው ሥር ያለችዋን ድንጋይ ለብቻዋ አነሣሁለት። 

አሁን እዚህ ጎንደር በፋሲል ግቢ ግንብ ሥር ሳልፍ ያ ካብ ትዝ ይለኛል። የግቢው ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች አሉት ይባላል። ሲገነባ ጎረቤት የተጠየቀበት አይመስለኝም። የኛው 12 እርምጃ ግን አንድ እኅት፣ ሁለት ሽማግሌና ስንት የስልክ ጥሪ ፈጀ።

ፎቶግራፉ የደረሰው ዕለት ማታ ጎረቤታችን ራሱ ደወለ። አባቴን አመሰገነ፤ ከዚያ፣ “ልጅህንም እግዜር ያሳድግልህ፤ የተማረ ልጅ መልካም ነው፤ ለሰው ድንበር ያስባል” አለው። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። “አሜን” አለ፣ ሌላም አልጨመረ። እኔም ስለዚያች አንድ ክንድ እስካሁን ለጎረቤታችን አልነገርኩትም።