ከየት እንደተነሣ የሚታወቅ ድንጋይ

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ድንጋዮች መጀመሪያ የሚያነሣው ኦፓሉን ነው። ወደ መስኮቱ ያስጠጋዋል፣ ያገላብጠዋል፣ አረንጓዴውና ብርቱካንማው በየተራ ብልጭ ሲሉ ይገረማል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቀኛል። አልቀየመውም። የደላንታ ኦፓል ያየው ሁሉ ቢደነቅበት ተገቢ ነው። እኔ ግን ከድንጋዩ ሥር የተቀመጠችውን ትንሽ ካርድ ቢያነብልኝ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ተራራ ሲቆረጥ፣ ካባ ሲከፈት፣ የድልድይ መሠረት ሲቆፈር አጠገቡ ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ድንጋይ ባይሰበስብ ነው የሚገርመው። አሰባሰቡን ያስተማሩኝ ግን አብረውን ይሠሩ የነበሩ አንድ አንጋፋ ጂኦሎጂስት ናቸው። የመጀመሪያዋን ድንጋይ ይዤላቸው ስሄድ ስሟን ይነግሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ከየት ነው ያነሣሃት?» አሉኝ።

«ከወንዝ ዳር ነው፣ ጋሼ።»

«ከየትኛው ወንዝ? ከውኃው ውስጥ ነው ወይስ ከዓለቱ ላይ ፈልቅቀህ?»

እጄን ይዘው ወደ ወንዙ መለሱኝ፤ ቦታውን አሳየኋቸው። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው የወንዙን ስም፣ ቀኑን፣ ድንጋይዋ ከዓለቱ ጋር ተያይዛ እንደነበረች ጻፉና ሰጡኝ። ከዚያ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «ድንጋይ ስም ቢያጣ ነገ የሚያውቅ ሰው ያወጣለታል። ቦታውን ካጣ ግን የሚመልስለት የለም።»

ለምን እንዲህ እንዳሉ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ወንዝ ውስጥ የተገኘ ድንጋይ ከላይ ከየትም ተንከባሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዓለቱ የተፈለቀቀው ግን ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ከበላዩ ምን እንደተጫነው አብሮ ይናገራል። አባይ በረሃ ይህን በደንብ ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ ታገኛላችሁ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየቀለጠ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ጀሶ፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ከባዛልቱ ጋር ያላቸው የዕድሜ ልዩነት ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ መኪና ግን ያንን ሁሉ ዘመን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያቋርጠው።

ከዚያ ያመጣኋት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዛጎል ናት፤ ከግማሽ በላይዋ ድንጋይ ውስጥ ተቀብራለች። ካርዷ ላይ የመንገዱ ኪሎ ሜትርና ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ሰፍሯል። ይህ ጽሑፍ ባይኖር ድንጋይ ውስጥ የቀረች አንዲት ዛጎል ብቻ ነበረች፤ ከመቀሌ አካባቢ ትምጣ ከሐረርጌ ማን ያውቃል፤ ሁለቱም ዘንድ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ካርዱ ግን ባሕር የነበረ ወለል ዛሬ በአገሬ መካከል ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደቆመ በቁጥር ይነግረኛል። ለቀያሽ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ስለ ኦፓሉም ትንሽ ልበል። በወገል ጤና አካባቢ ገደሉ ላይ ያለው ክምችት የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ግድም ነው። ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ፊት ላይ በተዘረጋች አንዲት ቀጭን ንብርብር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ወጣቶች እሷን ተከትለው ወደ ተራራው ሆድ ይቆፍራሉ፤ ዋሻው ሲደረመስ ሕይወት ይጠፋል። የእኔን የሸጠልኝ ልጅ ከየትኛው ጉድጓድ እንዳወጣው ጭምር ነግሮኛል፤ ያንን ጽፌዋለሁ። ይህ ኦፓል ሌላም ጠባይ አለው። ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ውኃውን ይጠጣል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ቀለም ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሲደርቅ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። ጌጥ አድርጋችሁ የምትይዙት ዘይትና ሽቶ አታስነኩት፤ እንደ ውኃው በቀላሉ አይለቀውም።

ከላንጋኖ ዳርቻ ያነሣኋት፣ ውኃ ላይ የምትንሳፈፈዋ ፐሚስ የልጆች ድርሻ ናት፤ ቤት የመጣ ልጅ ሁሉ ሳህን ውኃ አምጡልኝ ይላል።

ከሁሉ የምሳሳው ግን ለእናቴ መጅ ነው። መንዝ ውስጥ ስትዳር ከወፍጮው ጋር የተሰጣት ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ባዛልት ነው፤ ቀዳዳዎቹ እሳተ ገሞራው ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀሩ የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ለመጅ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ላዩ ሲበላ ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፣ አዲስ ስለት ይወጣል። ልስላሴው ሲበዛ ደግሞ ይወቀራል። እናቴ ጂኦሎጂ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። ሆኖም ስለዚህ ድንጋይ ብትጠየቅ የተነሣበትን ወንዝ፣ የጠረበውን ሰው፣ ማን በትከሻው ተሸክሞ እንዳመጣው አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። ዘመኑን ስጠይቃት «የአንበጣው ዓመት ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ጋሼ በወረቀት ያስተማሩኝን እሷ በቃል ስትጠብቅ ኖራለች። የነገረችኝን በሙሉ እሷ እያለች ጻፍኩት። ዛሬ መጁን የማነሣው አቧራውን ለመጥረግ ነው፤ አንደኛው ጎኑ በእሷ መዳፍ ልክ ጎድጉዷል።

መደርደሪያው ላይ ድንጋይ የሌላት አንዲት ካርድም አለች። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ ትደርሳላችሁ። ትንሽ ወደ ሰሜን ባልጪት የሚባል አካባቢ አለ፤ መሬቱ በባልጩት ስብርባሪ ተሸፍኗል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። መልካ ቁንጡሬ ላይ የሰው ዘር ቀደምቶች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተውበታል። ድንጋይ መጥረብ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያቸውን ራሳቸው እየጠረቡ እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል። ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው።

እዚያ መሬት ላይ ከመዳፌ ያነሰች አንዲት ስባሪ አገኘሁ። አንደኛው ጠርዟ ተደጋግሞ ተመትቶ ቀጥ ብሏል፣ ሌላው ጎኗ ለአውራ ጣት ማረፊያ የተተወ ይመስላል። በሕይወቴ እንደዚያች ድንጋይ የፈለግኩት ነገር ጥቂት ነው። ኪሴ ውስጥ ብትገባ የሚያየኝ አልነበረም።

ጋሼ የሰጡኝ ትምህርት እስከ መጨረሻው የገባኝ እዚያ ነው። የቁፋሮ ባለሙያዎች እያንዳንዷን ስባሪ ከማንሣታቸው በፊት ቦታዋን በቶታል ስቴሽን ይለካሉ፤ እኔ መንገድ የቀየስኩበት ዓይነት መሣሪያ ነው፤ አግድሙንም፣ ጥልቀቱንም ይመዘግባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባልጩት ተመርምሮ ዕድሜው ቢታወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እሳተ ገሞራው የቀዘቀዘበትን ጊዜ ነው፤ ሰው የመታው መቼ እንደሆነ አይናገርም። ሰው የነካበት ዘመን የሚታወቀው ከድንጋዩ በላይና በታች ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከንብርብሩ ወጥቶ ኪስ ውስጥ የገባ ባልጩት የሚያምር ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንሺው ወረቀት ላይ ቦታውን ቢጽፍም እንኳ የሴንቲ ሜትሩን ልዩነት አይመልሰውም። መዝግቤ ልወስድ እችላለሁ ያልኩበት ጊዜ በዚያ አበቃ። ድንጋይዋን በነበረችበት ጎን መልሼ አስቀመጥኩ። ካርዷን ግን ቤቴ ስገባ ጻፍኩ፤ ከሰበሰብኳቸው ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

ልጆቻችሁ ድንጋይ ቢሰበስቡ አትከልክሏቸው። ከግንባታ ቦታ፣ ከመንገድ ቆረጣ፣ ከወንዝ ዳር የተነሣውን ሁሉ ያምጡ፤ አብራችሁ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። የሰው እጅ ያረፈበት የሚመስል ባልጩት ወይም አጥንት ካገኛችሁ ግን እንዳለ ተዉት፣ ፎቶ አንሡ፣ ለአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ጓሯችሁ ውስጥ የተጣለ ወፍጮ ወይም መጅ ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት እናቶችና አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም በዚያው ቀን ጻፉት።