ያላገላበጥኩት ሰው

ነርሲንግ ሆም የገባችውን እናቴን ወገቧ ሥር ቁስል እንደጀመራት ሐኪም ሳይናገር በፊት አውቄ ነበር። ሙያዬ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት በረዳት ነርስነት የሰው እናት ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። የአልጋ ቁስል በእኛ ቆዳ ላይ ሲጀምር መቅላቱ አይታይም፤ ቦታው ይጠቁራል፣ ሲዳስሱት ጠንክሮ ሞቅ ይላል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማሳየው እኔ ነኝ። የእማዬን ገላ ስነካ ያገኘሁት ያንኑ ነበር። ፎቶ አላነሳሁም፤ መዝገቧንም አልጠየቅኩም። ሕጉ ነርሲንግ ሆሙ መዝገቡን፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳይ፣ ቅጂውን በሁለት የሥራ ቀን እንዲሰጥ ያስገድደዋል።

ተንከባካቢዋ የአገሬ ልጅ ነበረች። እማዬ ራሷ «ተዪ ልጄ፣ እንጀራዋን አትዝጊባት» አለችኝ። እኔም ለዚያች ልጅ አዝኜ ዝም ያልኩ መሰለኝ። ለእንባ ጠባቂው እንኳ አልደወልኩም። በየግዛቱ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የቆመ እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ያለፈቃድ የአቤት ባዩን ስም አያወጣም። ስልክ ቁጥሩ በምሠራበት ኮሪደር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በየፈረቃው በፊቱ አልፋለሁ።

ቁስሉ አጥንት ደረሰ። ከዚያ ደሟ ተመረዘ፤ አረፈች።

ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት ከቀብር በኋላ ነው። ገንዘብ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ከተፈረደልን ላይ ድርሻውን እንደሚወስድ፣ ካልተፈረደልን የድካሙን እንደማይጠይቀኝ ነገረኝ። የጊዜ ገደብ መኖሩንም አስረዳኝ፦ በሜሪላንድ ጉዳቱ ከደረሰ 5 ዓመት ወይም ከታወቀ 3 ዓመት፣ ከሁለቱ የሚቀድመው። ቀጥሎ የመግቢያ ወረቀቶቹን ገለጠና አንዱ ላይ ቆመ። ክስ ቢኖር ፍርድ ቤት ሳንሄድ በግልግል ዳኛ እንጨርሳለን የሚል ስምምነት ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። እማዬ «ምን ይላል?» ስትለኝ «የመግቢያ ወረቀት ነው» ብያት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ይህን ውል የመግቢያ ግዴታ ማድረግን ከልክሏል፤ በሚገባት ቋንቋ ሊያስረዷት፣ በ30 ቀን ውስጥም ውሉን እንድታፈርስ ሊፈቅዱላት ይገባ ነበር። እነሱ አላስረዷትም። አስተርጓሚ ሆኜ የቆምኩት እኔም አላነበብኩላትም። አሁን ጠበቃው እማዬ ውክልና ስላልሰጠችኝ ፊርማዬ እሷን አያስርም ብሎ ይከራከራል፤ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በተመሳሳይ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔም ይጠቅሳል።

«ያቺ ልጅስ ምን ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅኩት። የሚከሰሰው ድርጅቱ ነው አለኝ፤ ለአንድ ሰው ከአቅሙ በላይ አልጋ የሚያሸክመው ድርጅቱ ነውና። እፎይ ማለት ሲገባኝ ላብ አጠመቀኝ። ለካ የፈራሁት ለእሷ አልነበረም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው በጎደለ ሌሊት፣ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል፣ ያላገላበጥኩትን ሰው «በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጧል» ብዬ ሞልቼ ፈርሜያለሁ። የእማዬ መዝገብ ቢጠየቅ ያው ዓይነት ፊርማ እንደሚገኝበት አውቅ ነበር፤ እሱን ማየት አልፈለግኩም። ድርጅቱ ሠራተኛ በመቀነሱ ጥፋቱ የከፋ ነው፤ ከዚህ በኋላም ይህን ከመናገር አልመለስም። ውሸቱን የጻፈው ግን እጄ ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆች እንደኔው አልጋ ዳር ተቀምጠው መዝገቡን አምነው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

እማዬ፣ አንቺን ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ አልፎብኛል። ለጠበቃው ቃሌን ስሰጥ ግን መዝገብ እንዴት እንደሚሞላ፣ እኔም እንዴት እንደሞላሁ ሳልሸሽግ ተናግሬያለሁ። የሥራ ፈቃዴን የሚያስነጥቀኝ ከሆነም ይነጠቅ።