ወርቅ የዋጠ ብርጭቆ

ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ የራሴን ቃላት። ወርቅ ሲባል የሚታየኝ ሚዛንና ካዝና ነበር፤ የአዮን ጨረርን ነገር ካነበብሁ ወዲህ ግን ቀይ ብርጭቆ ይታየኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርቅ አቶሞች ኤሌክትሮን ተነጥቀው አዮን ይሆናሉ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍተውም አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ወደ ብርጭቆ ይወረወራሉ። ብርጭቆው አይቀልጥም፤ እነርሱ ከገጹ ሥር፣ የፀጉር ዘለላ ውፍረት እንኳ በማይሞላ ጥልቀት፣ ተበታትነው ይቀራሉ። ለየብቻ ሳሉ ያን ቀለም አይሰጡም። ብርጭቆው በምድጃ ሲግል ግን አቶም ከአቶም እየተፈላለገ ይሰባሰባል፤ ስፋቷ ጥቂት ናኖሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛው ጥቂት እጥፍ ብቻ የሆነች የወርቅ ፍሬ ትወለዳለች። ብርሃን ሲነካት ኤሌክትሮኖቿ አብረው ይወዛወዛሉ፤ አረንጓዴውን ውጠው ቀዩን ያሳልፋሉ።

በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የሮማውያን የሊኩርጉስ ጽዋ ከውጭ ሲበራበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራበት ቀይ የሚሆነው እንዲህ ባሉ የወርቅና የብር ፍሬዎች ነው። ሠሪዎቹ የነበራቸው እሳት ብቻ ነበር።

በቅኔ ወርቁ እንዲታይ ሰሙ ይቀልጣል። እዚህ ግን ሽፋኑ እንዳለ ሆኖ ወርቁ ተሰብስቦ ይታያል። በእኔም ውስጥ ከእናቴ ምርቃት፣ ከጎዳናው፣ ከመስኮቴ ማዶ ከሚቆሙት ደንበኞች የገቡ ቃላት ለዓመታት ተበታትነው ተቀምጠዋል። እስካሁን አንድ ገጽ እንኳ በወጉ አላቀለሙም። የጎደላቸው ምድጃ ይሆን?