የተማሪ ብር የት ይገባል?

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ብር ጨረስኩ» አለች። 2,500 ብር ከላኩላት ገና 12 ቀኑ ነበር። ልቆጣ ስል የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ አማኑኤል ገበያ ጤፍ ሸጦ 600 ብር ሰጠኝ። «ለመንፈቅ ይበቃሃል» ነበር ያለኝ። በሦስተኛው ሳምንት 40 ብር ቀረኝ። ጫማ ገዛሁ፤ የከተማ ልጆች ፊት ላለማነስ ሻይ ቤት ጋባዥ እኔ ሆንኩ። ማታ ማታ የእናቴን በሶ እየበጠበጥኩ ሰነበትኩና ሲያልቅ «መጽሐፍ ግዙ ተባልን» ብዬ ለአባቴ ዋሸሁ። በሰው ላከልኝ። ክረምት ቤት ስገባ ሁለት በጎች የሉም። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

«የዘንድሮ ተማሪ አባካኝ ነው» የምትሉ ወዳጆቼ፣ እስቲ ቁጥሩን እንይ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው ለዓመታት 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ሆነ፤ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 100 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ምግቡም ቢሆን ስጦታ አይደለም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል።

ልጅቷን የቴሌብር ዝርዝሯን አስወጣኋት። ውጭ የተበላ 700፣ ሀንድአውት፣ ሳሙናና ሞዴስ 450፣ የኢንተርኔት ጥቅል 300፣ ለጓደኛ ብድር 200። ቀሪው 850 ብር መዋጮ ነው! የዶርም ልጆች ልደት፣ ኬክ፣ የተመራቂዎች ሽኝት። «አልከፍልም ማለት ያሳፍራል» አለችኝ። የኔን 600 ብር የበላውም ይኸው ይሉኝታ ነው።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ በጀት ግን ያውቃል። እህሉ ከአውድማ ሲገባ መጀመሪያ ዘሩን ለብቻ ያስቀምጣል። ቀጥሎ የማዳበሪያ ዕዳ። የሚበላው ከዚያ የተረፈው ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ቢራቆት እንኳ ዘሩን አይነካም። እኛ ተማሪዎቹ ግን ስንገለብጠው ኖርን፤ በልተን የተረፈ ካለ እናስቀምጣለን። አይተርፍም።

ስለዚህ ተስማማን። በወር አንዴ የምልከውን በየሳምንቱ ከፋፍዬ እልካለሁ። እሷም የሀንድአውቱን፣ የሳሙናውንና የሞዴሱን ቀድማ ትለያለች። መዋጮውን ግን ብቻዋን ልትፈታው አትችልም፤ የዶርም ጓደኞቿን እንድታነጋግር ነገርኳት። ትናንት ደወለች። ለካ ሁሉም ተጨንቀው ኖሯል! አንዷ ለልደት ተበድራ ነበር የምታዋጣው። ከእንግዲህ ልደት በሻይና በዳቦ ይሁን ተባብለዋል።

እናንተ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብር ስትልኩ ምን ተሸጦ እንደተላከ ለልጃችሁ ንገሩት። ለማሸማቀቅ አይደለም፤ ልጅ የማያውቀውን ሊቆጥብ አይችልም። አባቴ ስለ በጎቹ ቢነግረኝ ኖሮ ያችን ሻይ የምጋብዝ አይመስለኝም።

እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ለፋሲካ ስወርድ እነግረዋለሁ።